የሳሕራ የመጽሐፍ ሀራራ

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ትተኛለች። ሱቆች ይዘጋሉ፣ ባጃጆች የዛፍ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ ሰው ሽርጡን አገልድሞ ወይ ጋደም ይላል ወይ ጫቱን ይዞ ይሰየማል። ፀሐይዋ ብቻዋን መንገዱን ይዛ ትቀራለች። በዚህ ሰዓት ታይዋን ገበያ ውስጥ አንድ በር ግማሹ ብቻ ይዘጋል። የሳሕራ ሱቅ ነው። ግማሹ ክፍት የሚቀረው ለደንበኛ ሳይሆን ለብርሃን ነው።

ሳሕራ ድሪያ የሚባለውን ስስ የሶማሌ ቀሚስና ሻሽ ትሸጣለች። ዕድሜዋ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። አግብታ ነበር፣ ተለያይታለች፤ ስለዚያ ብዙ አታወራም። አሁን የምትኖረው ደቻቱ አጠገብ ባለው በአባቷ ቤት፣ ከእናቷ ከኢድልና ከታናሽ ወንድሟ ከጉሌድ ጋር ነው። ሌላው ሰው በሚተኛበት ሰዓት እሷ ጀርባዋን ጣቃዎቹ ላይ አስደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ ታነባለች።

ልብ ወለድ አትወድም። «የራሴን ሰዎች ሐሳብ መች ችዬ ጨረስኩና ነው የሌለ ሰው ሐሳብ የምሸከመው?» ትላለች። የምታነበው እውነተኛ ነገር የተጻፈበትን ነው። ስለ ንብ፣ ስለ እሳተ ገሞራ፣ ስለ ባቡር ሐዲድ አሠራር፣ ደም በሰው ገላ ውስጥ እንዴት እንደሚዞር፣ ባሕር ሥር ስለሚኖሩ ዓይን የሌላቸው ፍጥረቶች። ግን ከእነዚህ የቱን እንደምታነብ ጠዋት ስትነሳ አታውቀውም። ያ የሚወሰነው በሆዷ ነው።

ስትናደድ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ታነባለች። ከእሷ የባሰ የተቆጣ ነገር ስታይ ይበርድላታል። ሲከፋት ባሕር ትፈልጋለች። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ባቡሩም መኪናውም በየቀኑ ወደ ጅቡቲ እየሄደ እሷ አንድ ቀን አልተሳፈረችም። ይሁንና ስለ ጥልቅ ውሃ ስታነብ ጭንቅላቷ የረጠበ ጨርቅ የጣሉበት ያህል ይቀዘቅዛል። ደስ ሲላት ደግሞ ሌላው ሰው በደስታ ቀኑ የማይነካውን ታነሳለች። ረሃብን፣ ወረርሽኝን፣ ጦርነትን። ለምን ሲሏት፣ «ከባድ ጣቃ የማወርደው ጉልበት ባለኝ ቀን ነው» ትላለች።

መጽሐፍ ስትመርጥ መግቢያውን አታይም። መሐሉን ትከፍትና አንዱን ገጽ ቆማ ታነባለች። ገጹ ከጎተታት ትቀመጣለች፤ ካልጎተታት ትመልሰዋለች። የተመለሰው መጽሐፍ ተጠልቶ አይደለም። ቀኑ ስላልሆነ ነው። ጀምራ የተወችው ላይ ከሻሽ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ምልክት ታደርግበታለች፤ ንቧ ላይ ቢጫ፣ ባሕሩ ላይ ቀይ፣ ሐዲዱ ላይ አረንጓዴ። ከመደርደሪያው ጫፍ የሚንጠለጠሉትን ጨርቆች ያየ ደንበኛ ብዙ ጊዜ «ይሄ ቀለም በሙሉው አለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል።

መጻሕፍቱን የምታመጣው ክፍሉ ከሚባል ሻጭ ነው። ክፍሉ ከዚራ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ሸራ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ፣ ፀጉሩ የሸበተ የለገሃሬ ልጅ ነው። ሳሕራን በልጅነቱ ቢወልዳት ልጁ ትሆን ነበር፤ ሆኖም እሱም አንቺ ይላታል፣ እሷም አንተ ትለዋለች። ድሬ ላይ አንቱታ ወይ ለእንግዳ ነው ወይ ለተኳረፉት ሰው። መጀመሪያ ሰሞን ክፍሉ፣ «እንደ ሙድሽ ልምረጥልሽ?» ቢላት፣ «ገና ሳታውቀኝ ሙድ ትይዝብኛለህ?» ብላ ተቆጥታው ነበር። ያፌዘባት መስሏት ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ቃሉን ለወጠ። ጫት ለለመደ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ የሚይዘውን አምሮት ስም ወስዶ ለመጽሐፍ ሰጠው።

«እህ፣ ሳሕራ! የዛሬው ሀራራ የምንድነው?»

«ጨው ያለው ነገር።»

«ባሕር?»

«ባሕር።»

«ማን አስከፋሽ ደግሞ?»

«አንተ መጽሐፍህን ሽጥ አቦ!»

ክፍሉ ይስቃል፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ይፈልጋል። የሸራው አራት ማዕዘን ላይ ነፋስ እንዳያነሳው ክብደት አስቀምጧል። ክብደቱ ድንጋይ አይደለም። በሶማልኛ የታተሙ፣ ስለ ፍየልና በግ ጤና የሚያስረዱ ስስ መጻሕፍት ክምር ነው። ለአርብቶ አደር ተብለው ከታተሙት የተረፉ ናቸው።

«እነዚህን ማን ይገዛሃል?» አለችው አንድ ቀን።

«ማንም። ነፋሱ ግን ይፈራቸዋል።»

ኢድል የጀልዴሳ ገጠር ልጅ ናት። በወጣትነቷ ወተት ይዛ ድሬ ስትመላለስ ነው ከሙመድ ጋር የተገናኘችው። ሙመድ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ የአፉ መፍቻ ኦሮምኛ፣ የእሷ ሶማልኛ። ሁለቱም በደንብ በማያውቁት በአማርኛ ተግባቡ፣ በአማርኛ ተጣሉ፣ ልጆቻቸውንም በአማርኛ አሳደጉ። ሙመድ ካረፈ ዓመታት አልፈዋል። የቤቱ ቋንቋ ግን እሱ የተወው ሆኖ ቀረ። ልጆቹ እናታቸውን «እማ» ይሏታል።

ሳሕራ ሶማልኛ የተማረችው ከገበያ ነው። ቀለም መጥራት፣ ቁጥር መጥራት፣ ና ግባ፣ እይ፣ ተወደደ፣ ጨምሪ፣ ቀንሺ። አሮጊት ሶማሌ ደንበኛ ስትመጣ «ሆዮ» ትላታለች፣ እናቴ ማለት ነው። በቀን ስንቱን ሆዮ እንደምትል አታውቀውም። ገበያው እሱን ይወዳል። ማዘንን፣ መናፈቅን፣ መፍራትን ግን በሶማልኛ ምን እንደሚሏቸው አታውቅም። ማን ድሪያ ሲገዛ ናፍቆት ይጠራል?

የኢድል ነገር የጀመረው በቀልድ ነው። የሱቁ ቁልፍ ዱቄት ውስጥ ተገኘ፤ ሳቁ። ሻዩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስኳር ገባ፤ ጉሌድ «እማ ጣፋጭ ሆነች!» ብሎ ጨፈረ። ከዚያ የጎረቤቱ ስም ጠፋባት፤ እሱም የዕድሜ ነው ተባለ። ከሁሉም የከበደው ግን ማንም ሳያየው አለፈ።

ምክንያቱም እዚህ ድሬ ነው። ጉሌድ ባጃጁን ግቢ አቁሞ «ቢሻን መጣ! ካላይ፣ ጀሪካኑን ያዢልኝ!» ሲል ውሃውን በኦሮምኛ፣ ነዪውን በሶማልኛ፣ የቀረውን በአማርኛ መናገሩን ራሱም አያውቀውም። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ኢድል ውሃ ማለት ትታ «ቢዮ» ስትል፣ ቁልፍ ማለት ትታ «ፉሬ» ስትል ማን ይደነግጣል? ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው ልብ ይል ነበር። እዚህ ግን አማርኛዋ እንደ አሮጌ ጨርቅ ክር በክር ሲተረተር፣ ልጆቿ እማ እያወራች ነው ብለው ዝም አሉ። አንድ ቀን ሙሉ ውላ አንዲት የአማርኛ ቃል ሳትናገር ስትቀር ነው ሳሕራ ቀና ብላ ያየቻት።

በማግስቱ ክፍሉ ጋ ሄደች። የቁልፉን ነገር፣ የዱቄቱን፣ የቋንቋውን፣ እንዲያው የወሬ ያህል ነገረችው። ክፍሉ ሀራራዋን አልጠየቃትም። ከኋላው ካለው ካርቶን ውስጥ ሽፋኑ የደበዘዘ መጽሐፍ አወጣ። አንዲት ነርስ ስለ መርሳት ሕመም፣ ታማሚውን ቤት ውስጥ ለሚይዙ ሰዎች የጻፈችው ነው።

«እኔ ይሄን አልጠየቅኩህም» አለች ሳሕራ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ውሰጂው እንጂ። እኔም አንብቤዋለሁ።» ጫቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዞረና ዓይኑን መንገዱ ላይ ጣለ። «ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። እናቴ ካለፈች በኋላ።»

ሳሕራ ወሰደችው። መሐሉን ግን አልከፈተችም። ከጣቃዎቹ ሥር አስገባችው። ይሄ ከባድ ነው፣ ጉልበት ያለኝ ቀን አነሳዋለሁ አለች።

ጉልበት ያለው ቀን መጣ። የኢድ ሰሞን ሱቁ ባዶ እስኪቀር ሸጠች፤ ኢድልም አዲስ ድሪያ ለብሳ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስትመርቅ ዋለች። ሳሕራ ያን ቀን ስለ ወረርሽኝ አንድ ምዕራፍ ጨረሰች። ስለ ረሃብም ብታነብ ትችል ነበር። እጇ ወደ ጣቃዎቹ ሥር ሄዶ ሽፋኑን ነክቶ ተመለሰ። ደስታዋን በዚያ መጽሐፍ ማበላሸት አልፈለገችም። ሲከፋት ደግሞ በሐዘን ላይ ሐዘን መጨመር ሆነባት። ስትናደድ፣ ማንን ትቆጣለች? ወራት አለፉ። ለሁሉም መጽሐፍ ቀን ነበረው፤ ለዚያ ብቻ አልተገኘለትም።

ባይነበብም ሳሕራ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የራሷን መድኃኒት ፈጠረች። እማ የምትጠፋው አማርኛዋ ሲጠፋ ነው ብላ አመነች፤ እሱን አጥብቃ ከያዘችላት እማም ትያዛለች። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ይዛት መጥታ ከፊቷ ታስቀምጣታለች።

«እማ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ፉሬ።»

«አይደለም። በአማርኛ።»

ኢድል ቁልፉን ታያለች። ልጇን ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይመጣም። የድሪያዋን ጫፍ ታሻሻለች።

«ቁ... ቁል...?» ትላታለች ሳሕራ ልታስጀምራት።

«ፉሬ» ትላለች ኢድል ቀስ ብላ፣ ጥፋት እንደሠራ ሰው።

ጉሌድ መጀመሪያ ቀለደበት። «ዳይሬክተሯ መጣች! እማ፣ የቤት ሥራሽን ሠርተሻል?» ይል ነበር ከባጃጁ ሳይወርድ። በኋላ ቀልዱን ተወው። «አንቺ» አላት አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ «እማን ፈተና አስቀመጥሻት እኮ። አታይም እንዴ? አንቺን ስታይ ትፈራለች።»

«ዝም ብዬ ልሸኛት ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ? መጽሐፍ የምታነቢው አንቺ አይደለሽ?»

ኢድል በሶማልኛ መናገሯንም ቀነሰች። ቁልፍ ስታሳያት ዝም፣ ሻይ ስታቀርብላት ዝም። ሳሕራ የፈራችው ሞትን አይደለም። እናቷ እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ እንድትሄድባት ነበር የፈራችው።

በነሐሴ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ከተማው ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ከላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ሳሕራ ከፍቷት ባሕሩን ከፍታ ነበር። ስምንት እጅ ስላለው፣ ሲፈራ ቀለሙን ስለሚለውጥ ፍጥረት የሚያወራው ገጽ ላይ ደረሰች። ቀዩን ምልክት ጨርቅ በጣቷ እየጠቀለለች አነበበች። ቀና ስትል እናቷ ከፊቷ ተቀምጣበት የነበረው ዱካ ባዶ ነው።

ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጣች። ገበያው ተኝቷል፣ ማንም አላየም። ጉሌድ ጋ ደወለች።

«እማ የለችም!»

«የት ሄደች?»

«ባውቅ እደውልልሃለሁ? ከዚራ በኩል እይ፣ እኔ ወደ ቤት እሄዳለሁ!»

ቤት አልደረሰችም። ደቻቱ ዳር ሰዎች ተሰብስበው ይጮሃሉ። ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣበት ወንዝ አይደለም፣ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ነገር ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የዘነበው በድንገት ይደርሳል። የድሬ ሰው ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። አሸዋው ላይ የነበሩት ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ሽቅብ ይሮጣሉ። መሐል ላይ አንዲት ሴት በአዲስ ድሪያ ቁጭ ብላለች።

ሳሕራ ወረደች።

«እማ! ተነሺ! ውሃ እየመጣ ነው፣ ተነሺ!»

ኢድል ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ፍርሃትም የለም። መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው የሚያዩበት ዓይን ነው።

«ያድ ታሃይ?» አለቻት። ማን ነሽ?

ሳሕራ እጇን ያዘቻት። ኢድል እጇን ነጠቀች። «አሪጊ ሜ?» አለች አሸዋውን ዞር ዞር ብላ እያየች። ፍየሎቹስ የት ናቸው? ደገመችው፣ ሦስተኛም ጠየቀች። ሳሕራ ጥያቄው ገባት፤ መልሱን ግን በምን ቋንቋ ትመልስ? ጎርፍ በሶማልኛ ምን እንደሚባል አታውቅም። ልጅሽ ነኝ ማለትን እንኳ አስባው አታውቅም ነበር፤ ለማን ብላ ትለዋለች? ከላይ በኩል፣ ብዙ ድንጋይ ከሩቅ የሚንከባለል የመሰለ ድምፅ መጣ።

ጣቷ ላይ አሁንም ቀዩ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከአፏ የወጣው ያሰበችው አልነበረም። በየቀኑ ሱቅ በር ላይ ቆማ የምትጮኸው ነው።

«ካላይ፣ ሆዮ! ካላይ፣ ፊሪ!» ነዪ እናቴ፣ ነዪ እዪ።

ለስንቷ አሮጊት ያለችውን ቃል ለገዛ እናቷ ስትል ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ኢድል ጨርቁን አየችው። እጇን ዘረጋች። እንደማንኛዋም ደንበኛ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አድርጋ አሸችው። ክሩን መረመረች።

«ኢሚሳ?» አለች። ስንት ነው?

ሳሕራ ዋጋ ጠራች። ምን እንደጠራች ኋላ አላስታወሰችም።

«ዋ ቃሊ!» አለች ኢድል ተቆጥታ። ተወደደ! ከአሸዋው ላይም ተነሳች፤ ቁጭ ብሎ የሚከራከር ገዢ የለማ። ሳሕራ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዳ ቀነሰች። ኢድል ተከትላት መጥታ ይበልጥ ቀንሺ አለች። ሳሕራ ማለች፣ ገፋች፣ ደግሞ ቀነሰች። ዋጋው ወደታች በወረደ ቁጥር እነሱ ወደ ላይ እየወጡ፣ በሶማልኛ እየተጨቃጨቁ ዳር ደረሱ። ዳር የቆመው ሰው መጮሁን ትቶ ያያቸው ጀመር። አንዷ አሮጊት እንዲያውም «አትቀንሺላት፣ ትገዛለች!» ብላ ለሳሕራ አገዘቻት።

ጉሌድ ባጃጁን አቁሞ እየሮጠ መጣ። ቆሞ አያቸው። ሳሕራ እያለቀሰች ዋጋ ትጠራለች።

«ተስማማችሁ?» አለ።

«ወስዳዋለች» አለች ሳሕራ። ጨርቁ ኢድል መዳፍ ውስጥ ነበር።

ውሃው መጣ። ያን ቀን ትልቅ የሚባል ጎርፍ አልነበረም፤ ቡናማ፣ ጭቃማ፣ ቅርንጫፍና ላስቲክ የተሸከመ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ነገር ግን ኢድል ተቀምጣ የነበረበትን ቦታ ሸፍኖት አለፈ።

ኢድልን ካስተኟት በኋላ ሳሕራ ተመልሳ ሱቁን ልትዘጋ ሄደች። ከመዝጋቷ በፊት ከጣቃዎቹ ሥር መጽሐፉን አወጣች። ሆዷን አልጠየቀችውም። አሸዋ የሞላው ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ጀምራ አታውቅም።

ነርሷ ቀላል አድርጋ ነው የጻፈችው። ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚያውቁ ታማሚዎች ብዙ ጊዜ በኋላ የተማሩት ቀድሞ ይጠፋባቸዋል ትላለች፤ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ልጅነታቸው ይመለሳሉ። አታርሟቸው። አትፈትኗቸው። እነሱ ወዳሉበት ሂዱላቸው። ሳሕራ እዚህ ላይ ቁልፉ ትዝ አላት። «አይደለም፣ በአማርኛ» ያለችበት ድምፅ ትዝ አላት፤ የእናቷ ከንፈር ቃሉን ሲፈልግ የነበረበት ሁኔታም። ፉሬ ልክ ነበር። እናቷ በየቀኑ ልክ መልስ እየሰጠቻት እሷ ስህተት ነሽ ስትላት ከርማለች።

ብርሃኑ እስኪያልቅ አነበበች። ምልክት የሚሆን ጨርቅም አልቆረጠችም።

በነጋታው ክፍሉ ከሩቅ ሲያያት ከካርቶኑ ላይ ተነሳ። የደቻቱን ወሬ ሰምቷል፤ ድሬ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ግን ሌላ ነገር አላነሳም።

«እህ፣ ሳሕራ። የዛሬው ሀራራ የምንድነው?»

«ዛሬ የእኔ አይደለም። የእማ ነው።»

«የእሷስ የምንድነው?»

«የፍየል።»

ክፍሉ ወደ መጻሕፍቱ ጎንበስ አለ፣ ንቡንም ባሕሩንም ገፋ ገፋ አደረገ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እሷ ወደምታይበት አየ። የሸራውን ማዕዘን ነበር የምታየው።

«ኧረ አንቺ! ሸራዬ ይበርራል እኮ!»

«ድንጋይ ፈልግ አቦ።»

አንዱን ክምር አንስቶ አቧራውን በክንዱ ጠረገና ሰጣት። ሸራው ወዲያው በዚያ በኩል ተነስቶ መርገብገብ ጀመረ። ክፍሉ በአንድ እግሩ ረግጦት ቆመ፤ ሳሕራ ዞራ ስታየው አሁንም እንደቆመ ነው።

ከምሳ በኋላ ድሬ ስትተኛ የሱቁ በር ግማሹ ተዘጋ። ኢድል ዱካዋ ላይ ናት፤ ቀዩ ጨርቅ ጣቷ ላይ ተጠቅልሏል። ሳሕራ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሶማልኛው በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው። ፊደሉን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንጂ በሶማልኛ አታውቀውም፤ ኤክስ «ሐ» ተብላ እንደምትነበብ ማን ነግሯት? ትንሽ ግልገል የተሳለበት ገጽ ላይ ጣቷን አድርጋ ከሥሩ ያለውን ቃል አነበበች።

«ዋክሳር።»

ኢድል ሥዕሉን አየች። ልጇን አየች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«ዋክሳር» አለች ሳሕራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በሙሉ ልብ።

«ወሐር!» አለች ኢድል። ደግሞም ሳቀች። ሳሕራ ይሄንን ሳቅ ከሰማች ስንት ወር ሆኗታል? ኢድል ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ እጇን ልጇ ጉንጭ ላይ አድርጋ አፏን ልታስተካክልላት ሞከረች። «ወሐር! ወ-ሐር!»

«ወ... ወሃር።»

«ወሐር!»

«ወሐር» አለች ሳሕራ፣ ድምፁን ከጉሮሮዋ ሥር ጎትታ። ኢድል ራሷን ነቀነቀች። ልክ ነሽ ማለት ነው። ለወራት ስትታረም የኖረችው ሴት አሁን እያረመች ነው፣ በዚያም ላይ ደስ ብሏታል።

ገጹን ገለበጡ። ስለ ፍየል ሳል ነበር። ሳሕራ ግማሹ አልገባትም፤ ኢድል ግን እያንዳንዷን የተሰባበረች ቃል እየጠገነች፣ መሐል ላይም እያቋረጠች የራሷን ጨመረች። ስለ አንዲት ጥቁር ፍየል ይመስላል፣ ስለ ጀልዴሳ፣ ስለ አንድ የዝናብ ዓመት። ሳሕራ ከሦስት ቃል አንዱን ያዘች። ከትናንቱ ሲነጻጸር ብዙ ነው።

«ሆዮ» አለች ኢድል በመሐል።

ሳሕራ ቀና አለች። ሶማሌ እናቶች ልጃቸውን ሲያባብሉ ሆዮ እንደሚሉት ከገበያ ታውቃለች፤ አማራዋም እኮ ልጇን እማዬ ትላለች። እናቷ ልጄ ብላ እንደጠራቻት፣ ወይስ ጀልዴሳ ላይ የቀረችውን የራሷን እናት ፊት ለፊቷ ያየች መስሏት እንደሆነ የሚነግራት መጽሐፍ የለም። ልትጠይቃት ፈለገች። ከዚያ ነርሷ የጻፈችው ትዝ አላትና ተወችው።

«ሃ፣ ሆዮ» አለች። አቤት።

«አሪጊ ሜ?»

ሳሕራ ገጾቹን ገለበጠች። መሐል አካባቢ ሁለቱን ገጽ የሞላ ሥዕል አለ፤ ግራር ሥር የተሰበሰቡ ፍየሎች፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ዝንጉርጉር። መጽሐፉን አንስታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችውና ቃሉን ፈለገች። ትናንት ማታ ጉሌድን ጠይቃ ያጠናችው ነው። እሱ ደግሞ ከተሳፋሪ ጠይቆላታል።

«ዋ ኩዋን፣ ሆዮ» አለቻት። «ዋ ኩዋን።»

እነዚህ አሉ፣ እናቴ። ኢድል ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ በጣቷ ትነካቸው ጀመር።